አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር

አላስዴር እናቱን ቀብሮ ከስኮትላንድ ከተመለሰ ሦስት ሳምንት ሆነው። በእነዚህ ሳምንታት ተናኘን ያነጋገራት አራት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ሰላምታ፣ አንዱ ስለ ተበላሸው ሊፍት፣ አንዱ ደግሞ ስለ በረዶው። ቆጥራዋለች። አርባ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ጠዋት ጠዋት ወገቧ ከእሷ ቀድሞ የሚነቃ ሴት ሆና፣ እንደ ኮረዳ የሰው ቃል መቁጠሯ ራሷን አሳፍሯታል። ግን ቆጥራለች።

ሁለቱም የሚሠሩት ኦስሎ ከተማ፣ ግሮሩድ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዛውንቶችን ከአልጋ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። እሱ ቫክትሜስተር ነው፤ አምፖል ይቀይራል፣ የተዘጋ ቧንቧ ይከፍታል፣ ክረምት ሲገባ ደጁን ከበረዶ ያጸዳል። በወጣትነቱ የነዳጅ መርከብ ላይ ሊሠራ ኖርዌይ መጣ፤ ኖርዌጂያዊት አገባ፣ ተፋቱ፣ እሱ ኦስሎ ቀረ። ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው። ፊቱን ነፋስ ሲመታው የኖረ ሰው ነው፤ ሲስቅ እንኳ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት በአንዲት አሮጊት ሞት ነበር። ሴትዮዋ በተናኘ ተራ ሌሊቱን አርፈው ጠዋት፣ እዚህ አገር ለሞተ ሰው እንደሚደረገው መስኮት ሊከፈትላቸው ሲል መስኮቱ እምቢ አለ። አላስዴር ተጠራ። መስኮቱን ከፍቶ መሣሪያውን ከሰበሰበ በኋላ አልወጣም። ቆቡን አውልቆ አልጋው አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ለተናኘ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለማያውቀው ሬሳ ቆብ ሲያወልቅ ያየችው የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ማዮርስቱን ይገናኙ ጀመር። የከተማው ሌላ ጫፍ ስለሆነ የሚያውቃቸው ሰው አይደርስበትም። የሁለቱም ኖርዌጂኛ የተንጋደደ ነው፤ የተንጋደደው በየፊናው ስለሆነ ግን አንዱ የሌላውን ጎደሎ ይሞላል። ተናኘ እሱን ሮምሶስ ወዳለው ቤቷ አምጥታው አታውቅም። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ከሚኖሩት ሐበሾች ግማሾቹ እሑድ እሑድ አብረዋት የሚያስቀድሱ ናቸው። ባሏ ሱዳን ውስጥ በወባ ከሞተባት ወዲህ ልጇን ኤልዳናን ብቻዋን ያሳደገች፣ ስሟ በክፉ ተነሥቶ የማያውቅ ሴት ናት። አላስዴርም ለምን አትወስጂኝም ብሎ ጠይቋት አያውቅም። አለመጠየቁ ከሁሉ በላይ ወደ እሱ አቀረባት።

አሁን ግን ዝም ብሏል። ነገሩን የምታውቀው ማዕድ ቤት የምትሠራው እትዬ ለተስላሴ ብቻ ናት፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት ኤርትራዊት ስትሆን አማርኛዋን አዲስ አበባ ተምራ፣ ኖርዌጂኛዋን ሳትማር የኖረች ሴት ናት።

«ሐዘን ነው ልጄ፣» አለቻት አንድ ቀን ሳህን እያደረቀች። «ወንድ ሲያዝን ጉድጓድ ይገባል። ተይው ይውጣ።»

«ሐዘን ከሆነማ አብሬው አዝን ነበር፣ እትዬ። እኔን ሲያይ ያጠፋ ሰው ነው የሚመስለው።»

እትዬ ለተስላሴ ሌላ ሳህን አነሣች። በማግሥቱ መልሱን የሰጠቻት የክፍሉ ኃላፊ ቱሪል ናት። የሳምንቱን የሥራ ተራ እየለጠፈች፣ እንደ ዋዛ «አላስዴር ሥራ ሊለቅ ነው፤ ወደ አገሩ ሊገባ ነው አሉ። አልነገረሽም?» አለቻት።

«ነግሮኛል፣» አለች ተናኘ።

ከዚያ የአንድ ሽማግሌን ጥፍር ልትቆርጥ ገባች። ሽማግሌው እጃቸውን ሰጥተዋት ስለ አየሩ ያወሩ ነበር። አሥሩንም ጣት በጥንቃቄ ቆርጣ ስትጨርስ፣ «ልጄ፣ አምሞሻል?» አሏት። አላመማትም። ሰው ሲተዋት ማልቀስ ትታ ሥራዋን የምትጨርስ ሰው መሆኗ ብቻ በጣም አደከማት።

*

ለአሥር ቀን ሸሸችው። የእሱ ተራ ጠዋት ሲሆን የእሷን ወደ ከሰዓት አዞረች፤ በሊፍቱ ፈንታ በደረጃ ወጣች፣ ወገቧም ዋጋውን አስከፈላት። በአሥራ አንደኛው ቀን ካፖርቷን ስትለብስ ኪሷ ውስጥ የታጠፈ ፖስታ አገኘች። በላዩ ላይ ስሟ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

ባቡር ላይ ከፈተችው። በኖርዌጂኛ ነው፤ ስሕተቱ ብዙ ነው፤ እሷ ግን የእሱን ስሕተት በቃሏ ስለምታውቀው እያረመች ሳይሆን እየሰማችው አነበበችው።

«ተናኘ፣

«አፌ ስለማይታዘዘኝ እጽፋለሁ። እናቴ እንደተቀበረች ከአገሬ የመሬት ኮሚሽን ደብዳቤ መጣልኝ። ክፉ ደብዳቤ አይደለም። ትሑት ደብዳቤ ነው፤ የከበደኝም ለዚህ ነው።

«እንዲገባሽ ከሩቅ ልጀምር። የአያቴ አያት የተወለደችው ለምለም ሸለቆ ውስጥ ነበር። መሬቱ የአንድ ጌታ ነበር፤ ሰዉ በሙሉ የእሱ ጭሰኛ። ጌታው አንድ ቀን ከሰው በግ ይሻለኛል አለ። የዚያን ጊዜ ሕግ የእሱ ነበርና ወረቀት የያዙ ሰዎች መጡ። የቤቱን ጣሪያ አፍርሰው እንጨቱን አቃጠሉት፤ ተመልሶ እንዳይሠራ። ሰዉን ወደ ባሕሩ ዳር፣ ከድንጋይ በቀር ምንም ወደሌለበት ገፉት። የእኛ መንደር ካማስቬግ የተመሠረተው እንዲህ ነው። የአያቴ አያት ባሕር ላይ የሚበቅለውን አረም በጀርባዋ ተሸክማ፣ ድንጋዩ ላይ አፈር ሠርታለች ይላሉ። አፈር ሠርታለች፣ ተናኘ። ድንች የዘራነው እሷ በሠራችው አፈር ላይ ነው።

«ከብዙ ዓመት በኋላ ሰዉ እምቢ አለ። አጥር ጣሰ፣ ኪራይ አልከፍልም አለ፤ ወታደርም መጣ። በመጨረሻ በ1886 ሕግ ወጣልን። ኪራይህን እስከከፈልክ፣ መሬትህ ላይ እስከኖርክ ድረስ ማንም አያስነሣህም፤ ስትሞትም ለዘመድህ ታወርሳለህ የሚል። አባቴ ይህን ሕግ የሚጠራው እንደ ጸሎት ነበር።

«ግን ‹መሬትህ ላይ እስከኖርክ› ይላል። የዛሬው ሕግ ከመሬትህ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር አትራቅ ይላል። አባቴ ሲሞት መሬቱ በእኔ ስም ዞረ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ግሮሩድ አምፖል እቀይራለሁ። እናቴ ስላለች ማንም አልተናገረኝም። እስከ ሰማንያ አንድ ዓመቷ በግ አረባች። ጎረቤት ቤቱ ባዶ ነው እንዳይል፣ ባይበርዳትም እንኳ ጠዋት ጠዋት እሳት ታነድድ ነበር። ለእኔ ስትል። አሁን እሷ የለችም።

«ወይ ተመልሰህ ኑርበት፣ ወይ ለሚኖርበት አስተላልፍ ነው የሚሉኝ። የሚኖርበት ሰው አለ። ከማሳዬ ጥግ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ተጎታች ቤት ውስጥ ሦስት ክረምት አሳልፈዋል። ነፋስ ሲነሣ ቤታቸውን በገመድ ከድንጋይ ጋር ያስሩታል። በቀብሩ ቀን ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ባልየው ነበር፤ ስለ መሬቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«ለቱሪል እለቃለሁ አልኳት። በማግሥቱ ተይው አልኳት። ላንቺ ሳልወስን መንገር ፈራሁ፤ አንቺን ለማየትም አፈርኩ። አሁን ወስኛለሁ። የማስተላለፊያው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እፈርማለሁ፤ ካንቺ ጋር እቀራለሁ። እሑድ እኩለ ቀን ከቤትሽ በላይ ካለው ከስቫርትየርን ኩሬ አጠገብ እጠብቅሻለሁ። ቤትሽ አልመጣም።

«አላስዴር»

ቀና ስትል ባቡሩ ሮምሶስን አልፎ መጨረሻው ጣቢያ ደርሷል። ሰዉ ሁሉ ወርዷል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አልተዋትም፣ እሷን መርጧል። ተናኘ ግን ባዶው ባቡር ውስጥ ተቀምጣ፣ ደረቷ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሲቀመጥባት ተሰማት። ያን ከባድ ነገር ከዚህ ቀደም ታውቀዋለች።

*

እሑድ ከቅዳሴ ወጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ በላዩ ላይ ካፖርት ደርባ ወደ ኩሬው ወጣች። ኩሬው በረዶ ሆኗል፤ በላዩ ላይ ሰዎች ከውሾቻቸው ጋር ይሄዳሉ። አላስዴር ከጥድ ዛፎቹ ሥር ቆሟል። ከስቷል። በነጠላ አይቷት ስለማያውቅ ለአፍታ ሌላ ሰው መሰለችው፤ ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ፈታ አለ።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«እና?»

«ፈርመሃል?»

«ነገ እፈርማለሁ።»

«አትፈርም፣» አለች ተናኘ።

ያልጠበቀው ነገር ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እንድሄድ ነው የምትፈልጊው?»

«የምፈልገውን ተወው። እኔ የምነግርህ አለኝ፤ አታቋርጠኝ፤ ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም።»

በረዶ የተራገፈለት አግዳሚ ወንበር ነበረ። ተቀመጡ። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ተዉ።

«ወሎ ውስጥ ነው የተወለድኩት፣» አለች። «ወረኢሉ። አያቴ ጭሰኛ ነበር። ልክ እንደናንተው፤ ካመረተው ግማሹን ለጌታው የሚያስረክብ፣ ውጣ ሲባል የሚወጣ። ከዚያ መሬት ለአራሹ ተባለ። አባቴ የራሱን አረሰ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ መሬት እንደገና ተሸነሸነ፤ ለሴትም ለወንድም እኩል ነው አሉና በስሜ ሁለት ጥማድ ደረሰኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። በስሜ የሆነ ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ባቄላ ዘራሁበት።»

አላስዴር ወደ እሷ ዞረ፤ አላቋረጣትም።

«ከዚያ ተሰደድን። ያን ታውቀዋለህ። የዛሬ አምስት ዓመት የመሬት ደብተር ሲሰጥ ቀበሌው ተሰብስቦ ስም ተጠራ። ስሜ ሲደርስ የለችም ተባለ። ወንድሜ ይመር፣ ትመለሳለች አለ። መቼ አሉት። ይመር ውሸት አይችልም። ነዋሪ ያልሆነ ሰው መሬት አይዝም አሉና ስሜን ፍቀው ለጎረቤታችን ለጤናዬ ልጅ ሰጡት። ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ሮምሶስ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ነበር። ደህና አልኩት። ባቡሩ መጣ፣ ተሳፈርኩ፣ ሥራ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ።»

«ተናኘ።»

«አላለቀም። የጤናዬን ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላሁት። አራት ልጆች አሉት፤ ሰው መሬት በእኩል እያረሰ ሲበላ የኖረ ምስኪን ነው። አውቃለሁ። ግን ጠላሁት። ሌሊት ሕልሜ ውስጥ ባቄላዬን ሲነቅል አየዋለሁ። ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ደግሞ ያ ልጅ የተጎታች ቤቱ ሰውዬ ሆኖ ቁጭ አለብኝ። ቤቱን በገመድ የሚያስር ሰው። እንዴት ልጥላው።»

ድምጿ ሊሰበር ሲል በጫማዋ ጫፍ በረዶውን ጫረች። ከኩሬው ላይ የአንድ ውሻ ጩኸት መጣ።

«እኔን የሚያቃጥለኝ መሬቱ መሄዱ አይደለም፣» ስትል ቀጠለች። «ሲሄድ አለመኖሬ ነው። እዚያ ቆሜ፣ አይቼው፣ ራሴ ውሰዱት ብል ኖሮ ዛሬ እንቅልፌን እተኛ ነበር። አንተ ግሮሩድ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብለህ ልትፈርም ነው። ያውም ለእኔ ብለህ።»

«ላንቺ ብዬ ባልል እዋሻለሁ።»

«አታድርገው። እኔ ደካማ ሴት ነኝ፣ አላስዴር። ወገቤ አልቋል። ልጄ ትምህርቷን እስክትጨርስ አንድ ዓመት ከምናምን አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም። አንድ ቀን በሆነ ባልሆነው እንጣላለን፤ ሰው ነን። ያን ቀን ፊቴን ስታይ የምታየው ያቺ አሮጊት የሠራችውን አፈር ነው። የእሷን ሸክም እኔ ልሸከመው አልችልም።»

አላስዴር እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በረዶውን ተመለከተ። «አብረሽኝ ነይ፣» አለ ቀስ ብሎ። «ሕጉ ብቻህን ኑር አይልም።»

«ልጄን የት ጥዬ?»

ከኩሬው በኩል ነፋስ መጣ። የነጠላዋ ጥለት ከካፖርቷ ሥር ወጥቶ በረዶው ላይ ሲጎተት፣ ጎንበስ ብሎ አንሥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት። ያደረገው በጣም በጥንቃቄ ስለነበር ፊቷን ማዞር ግድ ሆነባት።

«ሂድ፣» አለች ፊቷን እንዳዞረች። «ፈቃድ ውሰድና ሂድ። በጎቹ የሚወልዱት መቼ ነው?»

«ሚያዝያ።»

«ሚያዝያን እዚያ ሁን። እሳቱን አንድድ። ከዚያ የፈለግኸውን ፈርም። ግን ቆመህ ፈርም።»

«ከሄድኩ ላልመለስ እችላለሁ። ያን ቦታ አታውቂውም። ይይዛል።»

«አውቃለሁ፣» አለች። ይህን እንዳለች ቃሉን መልሳ ልትውጠው ፈለገች። ግን ወጥቷል፤ እሱም ሰምቶታል። ተነሥታ ወደ ቤቷ ወረደች። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ብትዞር አትሂድ ብላ እንደምታስቀረው ታውቃለች።

*

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ ሄደ። እሑድ እሑድ ይደውላል። ከስልኩ ወዲያ ሁልጊዜ ነፋስ አለ።

በመጀመሪያው እሑድ ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። በሁለተኛው መንታ የወለደች በግ እንዳለች ነገራት። በሦስተኛው ሳቀ። ተናኘ የዚያን ሳቅ መልክ ታውቀዋለች፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው የሚስቀው። ማዮርስቱን በነበሩበት ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚህ ረጅም ሳቅ አልሰማችም። ስልኩን ስትዘጋ ተረዳች፤ ሰውየው ቤቱ ገብቷል።

በአራተኛው እሑድ ጎረቤቶቹ እንዲቀር እንደሚፈልጉ ነገራት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንደሩ ሰዎች ተባብረው መሬቱን በሙሉ ከጌታው ገዝተውታል፤ ዛሬ ባለ መሬት ማለት ራሳቸው ናቸው። መሬቱን በሚያስተዳድረው ኮሚቴ ውስጥ አንድ የሞተር ዕውቀት ያለው ሰው ይፈልጋሉ።

«ጥሩ ነው፣» አለችው።

«ጥሩ ነው?»

«ላንተ ጥሩ ነው።»

ነፋሱን ብቻ ሰማች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ እሱ ዘግቶት ይሁን ነፋሱ ቆርጦት አላወቀችም። በአምስተኛው እሑድ አልደወለም። በስድስተኛውም አልደወለም።

«ደውዪለታ፣» አለቻት እትዬ ለተስላሴ። «ስልክ በሁለት በኩል ነው የሚሠራው።»

«ብደውል ና እለዋለሁ፣ እትዬ። ና ካልኩት ይመጣል። እንዲያ እንዲመጣ አልፈልግም።»

«ኩራት ነው።»

«አይደለም። እርስዎ ያውቁኛል። ኩራት ቢሆን እኮ ይህን ያህል አይደክመኝም ነበር።»

እትዬ ለተስላሴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ የተናኘን ትከሻ ያዘች። ተናኘ ሻይ የያዘውን ጋሪ እየገፋች ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። በዚያ ሳምንት የአላስዴር ፈቃድ አብቅቶ ነበርና በቦታው የተቀጠረው ቫክትሜስተር የእሱን መቆለፊያ ሳጥን ባዶ አደረገው። ውስጡ አንድ ጓንት ብቻ ነበር። ማንም አልፈለገውም፤ እሷም ላለመጠየቅ ራሷን ያዘች። ቀኑን ሙሉ ግን ያ ጓንት የት እንደተጣለ ታስብ ነበር።

*

ሰኔ እንደገባ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ተራዋን ጨርሳ ስትወጣ በሩ አጠገብ ካለው ግንብ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አንድ ሻንጣ ይዟል። ፊቱ በፀሐይና በነፋስ ተልጧል፤ እጆቹ ተቧጭረዋል። አልተነሣም። መነሣት ያቃተው ይመስላል።

ተናኘ ፊት ለፊቱ ቆመች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋት።

«መቼ ገባህ?» አለችው።

«ጠዋት።»

«ልትሰናበት ነው የመጣኸው?»

በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። «ሰጠሁት። መሬቱንም፣ ቤቱንም። ኮሚሽኑ እሺ ብሏል። ቤቱን ብቻ ነጥለህ ማስቀረት ትችላለህ ብለውኝ ነበር፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ለዚህ ነው ያልደወልኩት። ብደውል ድምፅሽ ይወስንልኝ ነበር።»

ተናኘ ግንቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። አሁን በመካከላቸው ቦታ አልተወችም።

«ጥሩ አልሆነልህም?»

«በጣም ጥሩ ሆነልኝ። ክፋቱ እሱ ነው። በጎቹን አዋልጃለሁ፣ አጥሩን ሠርቻለሁ፣ በየጠዋቱ እሳት አንድጃለሁ። አንድ ጠዋት የተጎታች ቤቱ ሰዎች ትንሿ ልጅ ደጄ ላይ መጥታ ቆመች። አምስት ዓመቷ ነው። ‹መቼ ነው የምትሄደው?› አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ። ቤት ውስጥ ሲያወሩ ሰምታ ይሆናል። ‹ለምን ትጠይቂኛለሽ?› አልኳት። ‹አልጋዬን የት እንደማደርገው ማየት እፈልጋለሁ› አለችኝ።»

የተቧጨሩ እጆቹን አሻሸ።

«አስገባኋት። ክፍሎቹን ሁሉ ዞረች። የእኔ በነበረችው ክፍል መስኮቱ ሥር ቆማ ‹እዚህ› አለችኝ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ ሳያት አንድ ነገር ገባኝ። ሕጉ የሚጠይቀው ማን አለ እዚህ ብሎ ነው። ስድስት ሳምንት እዚያ ነበርኩ፤ ግን አልነበርኩም። ጠዋት ስነሣ የማስበው አንቺ ተራሽ ጠዋት ይሁን ከሰዓት እያልኩ ነው። እናቴ ባዶ ቤት እንዳይባል ስትል አረጀችበት። እኔም ስምዋን ለማቆየት ብዬ ሌላ ባዶ ቤት ላደርገው ነበር።» ወደ እሷ ዞረ። «ላንቺ ብዬ አልሰጠሁትም። ለዚያች ልጅ ነው የሰጠሁት። አንቺ ዘንድ የመጣሁት ግን ላንቺ ብዬ ነው። ሁለቱን እንድለይ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።»

ተናኘ ማልቀስ የጀመረችው መቼ እንደሆነ አላወቀችም። በመጦሪያው በር የሚወጡ የሥራ ባልደረቦቿ ያይዋት ነበር፤ ቱሪልም አየቻትና ሰላም ሳትል አለፈች። ተናኘ ፊቷን አልሸፈነችም። የምታለቅሰው ለእሱ ብቻ አልነበረም። አንድ የማታውቃት የአምስት ዓመት ልጅ አልጋዋን መስኮት ሥር ስትዘረጋ ታያት፤ ከእሷ ኋላ ደግሞ የጤናዬ ልጅ አራት ልጆች ባቄላ ማሳ ውስጥ ሲሯሯጡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ምንም አልነቀለባትም።

«አሁን የት ልትገባ ነው?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አላውቅም። ክፍሌን ለቅቄያለሁ። ሥራዬንም ሰው ይዞታል።»

«ተነሣ።»

ወደ ባቡሩ ወሰደችው። ሮምሶስ አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ከባሕር የሰፋ ነበር። ከጣቢያው ሲወጡ ክንዱን ያዘች። የሕንፃው ሊፍት ጋ ሲደርሱ አቶ ምስጉን የገበያ ከረጢት ይዘው ቆመዋል፤ የሐበሾቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፣ ያላዩት ነገር የለም። ሰውየውን አዩት፣ ሻንጣውን አዩት፣ የተያያዘውን ክንድ አዩት።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ምስጉን፣» አለች ተናኘ። «አላስዴር ይባላል። የእኔ ሰው ነው።»

አቶ ምስጉን ከረጢቱን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኙን ዘረጉ። ብዙ ሊሉ የፈለጉ ይመስላሉ፤ የሰውየውን የተቧጨረ እጅ ሲጨብጡ ግን፣ «ደክሞታል፤ አስገቢው፣» ብቻ አሉ።

ኤልዳና በሩን ስትከፍት በጆሮዋ የሙዚቃ ማዳመጫ ሰክታለች። ነቅላ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ኤልዳና፣ ይህ ሰው...»

«አዎ፣ አዎ፣ አውቃለሁ እማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽቶ የምትቀቢው ለማዮርስቱን ሱቆች ነው ብዬ የማምን መሰለሽ?» ከዚያ በኖርዌጂኛ ወደ እሱ ዞራ፣ ጫማውን እንዲያወልቅ ነግራ፣ ፓስታ ይበላ እንደሆነ ጠየቀችው። እሺ አላት። ወደ ማዕድ ቤት ስትሄድ ጀርባዋ ላይ ቅሬታም ነበረ፣ ፈገግታም ነበረ፤ ተናኘ ነገ ብዙ እንደሚያነጋግራቸው ገባት።

አላስዴር ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ተናኘም ከጎኑ። ፓስታው ሳይደርስ፣ አንዱን ጫማ አውልቆ ሁለተኛውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ጣለው። ራሱ ቀስ እያለ ዘንበል ብሎ የተናኘ ትከሻ ላይ አረፈ። ከባድ ነበር። ለከተማው አስተዳደር የሚገባው የሥራ ማመልከቻ፣ የእሱ ማረፊያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚጠብቃት ሹክሹክታ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጣባት፤ አንዱንም አላባረረችው፣ ለአንዱም አልተነሣችም። ወገቧ ተኚ ይላት ነበር። ክንዷ ከትከሻዋ ጀምሮ እየደነዘዘ ወረደ፤ ጣቶቿ የሌሉ እስኪመስላት። ራሱን ግን አላነሣችውም።